ከቤት ጋግሮ መሸጥ፦ የየቲሞች እናቶችና ለጋሾች ሊያውቁት የሚገባ ሕግና ፈቃድ



ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ግንጪ ይደርሳል። ግራና ቀኙ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ነው። መኪና በሚቆምባቸው ስፍራዎች ሁሉ ደግሞ በሳፋና በመሶብ አምባሻ፣ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና ቂጣ ይዘው መንገደኛውን የሚጠብቁ እናቶች አይታጡም። ከእነዚህ መካከል ባለቤታቸውን በሞት የተነጠቁና የቲሞችን በላባቸው የሚያሳድጉ ጥቂት አይደሉም። ዱቄቱ ከቅርብ ይገኛል፤ ሙያው ከእናት የተወረሰ ነው፤ ሥራው ከልጆች አጠገብ ሳይርቁ ይሠራል። ስለዚህም አንዲት እናት «ምን ብትረዱኝ ራሴን እችላለሁ?» ስትባል ብዙውን ጊዜ የምትመልሰው «ምጣድና ዱቄት» ብላ ነው።

ማኅበራችንም ከዓመታት በፊት ይህን መልስ ሰምቶ ሥራ ጀምሯል። በዚሁ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የሚኖሩ፣ ጎረቤት ሁሉ «አዴ» እያለ በአክብሮት የሚጠራቸው የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ከለጋሾች በተሰበሰበ ገንዘብ የመጋገሪያ ምድጃና ዱቄት ገዝተን ሰጠናቸው፤ ዱዓ አድርገን ተመለስን። ሥራው ለወራት ቀና። ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳውም ተጨምሮ ሠፈሩ ሁሉ ደንበኛቸው ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የቁጥጥር ሠራተኞች መጥተው የንግድ ፈቃድ ሲጠይቋቸው የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም። ሥራው በዚያው ቀን ቆመ። የተቦካው ሊጥ ተደፋ፤ በዱቤ የመጣው ዱቄት ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ጥፋቱ የማን ነበር? ሠራተኞቹ ሕጉ ያዘዛቸውን ፈጸሙ። እናቲቱም ማንም ያልነገራቸውን ሊያውቁ አይችሉም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ምድጃውን ስንገዛ ፈቃዱን አላሰብንም። የዱቄቱን ዋጋ ስናሰላ የጤና ምርመራውን፣ የምዝገባውንና የማዕድ ቤቱን ማደሻ አላሰላንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ሌላ እናት በዚያው ጉድጓድ እንዳትወድቅ፣ ለጋሽም ገንዘቡ የት ላይ ቢውል ዘላቂ እንደሚሆን እንዲያውቅ ነው።

ሕጉ ማንን ነጋዴ ይላል?

ብዙ ሰው «ከቤት ጋግሮ መሸጥ ንግድ አይደለም፤ የቤት ሙያ ነው» ይላል። ሕጉ ግን ሥራው የሚሠራበትን ስፍራ ሳይሆን የሥራውን ጠባይ ይመለከታል። አንድ ሰው ጥቅም ለማግኘት ሲል አንድን ሥራ ሙያው አድርጎ በቋሚነት ከሠራ ነጋዴ ነው። ለኀዘን ቤት ድፎ ዳቦ ጋግሮ መውሰድ፣ ለጎረቤት ሠርግ በልመና አግዞ መጋገር ንግድ አይደለም። በየቀኑ ወይም በየገበያው ቀን ጋግሮ መሸጥ ግን ንግድ ነው፤ መደብር ባይኖረውም፣ ስም ባይለጠፍበትም።

በአገራችን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሕግ በተደጋጋሚ ታድሷል። በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 67/1989 ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 686/2002 ተተካ፤ ከዚያም በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 980/2008 ወጥቶ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 ተሻሽሏል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተለወጠው መሠረታዊ ነጥብ የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድ የተከለከለ መሆኑ ነው። ቅጣቱም የገንዘብ መቀጮ ብቻ ሳይሆን እስራትንም ይጨምራል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ አገሮች ከቤት ተጋግሮ ለሚሸጥ ምግብ ራሱን የቻለ ቀላል ሕግ ወጥቷል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ በመኖሪያ ቤት ማዕድ ቤት የተጋገረ ዳቦና ብስኩት እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ክሬምና ሥጋ ያለበትን ግን አይፈቅድም። በብሪታንያ ደግሞ ከቤቱ ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ 28 ቀን አስቀድሞ ለአካባቢው ምክር ቤት ማስመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውም በነፃ ነው። በእኛ አገር የቤት ጋጋሪ የምትስተናገደው በአጠቃላዩ የንግድ ሕግና በአጠቃላዩ የምግብ ሕግ ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር የምትሸጠው እናትና በከተማ መካከል ያለው ዳቦ ቤት የሚያንኳኩት አንድ ዓይነት በር ነው፤ የሚለያዩት በሥራው መጠን ነው።

ፈቃዱ የሚወጣበት መንገድ

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በደንዲም ሆነ በአምቦ ቅጾች የሚሞሉት በዚሁ ቋንቋ ነው። የንግድ ጽሕፈት ቤት «ዋጂረ ደልደላ»፣ የንግድ ፈቃድ «ሄየመ ደልደላ»፣ የጤና ጽሕፈት ቤት «ዋጂረ ፈያ» ይባላሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ቅጹን የሚሞላ ታማኝ ሰው አብሮ መሄድ ከትልቅ እርዳታ ይቆጠራል።

ሂደቱን በቅደም ተከተል እንደሚከተለው መረዳት ይቻላል።

አንደኛ፦ መታወቂያ። የቀበሌ መታወቂያው ያላለፈበት መሆን አለበት። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመውን የ«ፋይዳ» ዲጂታል መታወቂያ አስቀድሞ ማውጣትም ይጠቅማል፤ ብዙ አገልግሎቶች እየጠየቁት ነውና።

ሁለተኛ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ይህ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በአሻራ የሚሰጥ ቁጥር ነው። አንድ ሰው በዕድሜው የሚኖረው መለያ ቁጥር አንድ ብቻ ስለሆነ ቀደም ሲል ተቀጥረው ሲሠሩ ያወጡ እናቶች ሌላ ማውጣት አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛ፦ የሥራ አድራሻ ማስረጃ። ቤቱ የራሳቸው ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የኪራይ ከሆነ የኪራይ ውል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ይሰናከላሉ። ካርታው በሟች ባል ስም ሲሆን አስቀድሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ምድጃ ከመገዛቱ በፊት መጀመር አለበት። የተከራየ ሰውም በቤቱ ውስጥ መጋገር እንደሚችል ባለቤቱ በውሉ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይገባዋል።

አራተኛ፦ የብቃት ማረጋገጫ። ሥራው ምግብ ነክ ስለሆነ የጤና ባለሙያ ቤቱን አይቶ የሚሰጠው ማረጋገጫ ይጠየቃል። ስለዚህ ነገር ከዚህ በታች በስፋት እንመለከታለን።

አምስተኛ፦ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ። በማመልከቻው ላይ የሥራው ዓይነት በትክክል መጻፍ አለበት። ጋግሮ መሸጥና የሌላ ሰው ዳቦ ገዝቶ መቸርቸር በፈቃድ አሰጣጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በፈቃዱ ላይ የተጻፈውና በቤት የሚሠራው ካልተጣጣመ ፈቃድ እያለ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል።

ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። የተለመደው የእድሳት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ቅጣት ይከፍላል። እድሳቱ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚጠይቅ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ፈቃዱ በእናቲቱ በራሳቸው ስም ይውጣ። የንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ አይከራይም፤ በውሰት አይሰጥም። ሟች ባል ፈቃድ ነበረው ብሎ በዚያ መሥራትም አይቻልም። በወንድም ወይም በአማች ስም የወጣ ፈቃድ ዛሬ ቀላል ቢመስልም ነገ ጠብ ሲነሣ እናቲቱ በገዛ ላባቸው በገነቡት ሥራ ላይ መብት የሌላቸው እንግዳ ያደርጋቸዋል። ማኅበራትም ቢሆኑ በራሳቸው ፈቃድ ሥር አሠርተው እናቶችን ጥገኛ ማድረግ የለባቸውም።

ማዕድ ቤቱ ምን ይጠበቅበታል?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 661/2002 ተክቷል። ሕጉ የተበከለ፣ የተበላሸ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትና ሰውን የሚያሳስት ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በፌዴራል ደረጃ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን በከተማና በወረዳ ያሉ ትንንሽ ምግብ አዘጋጆችን ደጅ የሚያንኳኳው የክልሉ የጤና መዋቅር ነው።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያያቸው ነገሮች ድብቅ አይደሉም። መጋገሪያው ከመኝታና ከከብት ማደሪያ የተለየ መሆን አለበት። ወለሉና ግድግዳው በቀላሉ የሚጸዳ፣ ጢስ መውጫ ያለው፣ ብርሃን የሚያገኝ ይሁን። ንጹሕ ውኃ፣ ውኃ ባይኖር እንኳ ቧንቧ የተገጠመለት ክዳን ያለው በርሜል፣ ሳሙና፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ ያስፈልጋሉ። ዱቄቱ መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እርጥበት የነካው ዱቄት ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ደግሞ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም።

የምትጋግረዋ ሰው የጤና ምርመራ ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ ይህም በየጊዜው ይታደሳል። እጇ የቆሰለ፣ ተቅማጥ የያዛት ወይም የምታስል ከሆነች እስክትድን ድረስ ሊጥ መንካት የለባትም። ይህ ማለት በዚያ ቀን ሌላ ሰው የሚተካበት መንገድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት ማለት ነው። እናቶች ሕመማቸውን ደብቀው የሚሠሩት ጎደሎ ስለሆኑ ሳይሆን ያን ዕለት ካልሸጡ ልጆቹ የሚበሉት ስለሚያጡ ነው። ስለዚህ ለጋሽ ለሕመም ቀናት የምትሆን ትንሽ መጠባበቂያ ቢያስቀምጥ የሚጠብቀው የእናቲቱን ቤት ብቻ ሳይሆን የገዢውንም ጤና ነው።

በዚህ ረገድ ቅርብ የሆነው አማካሪ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ይህ መርሐ ግብር በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን የምግብ ንጽሕና ከትምህርቶቹ አንዱ ነው። ተቆጣጣሪ ከመምጣቱ በፊት ባለሙያዋን ጋብዞ «ምን ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

ምን መጋገር ይሻላል?

ከላይ የጠቀስናቸው የውጭ ሕጎች አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጡናል፤ ይኸውም ደረቅ ነገርና እርጥብ ነገር እኩል አለመሆናቸው ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ብስኩት፣ አምባሻና ዳቦ እርጥበታቸው አነስተኛ ስለሆነ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በቀላሉ አይራቡባቸውም። ዳቦ ቆሎማ በደረቅ ዕቃ ከታሸገ ለሳምንታት ይቆያል፤ ለመንገደኛም ስንቅ ይሆናል። በአንጻሩ ክሬም የተቀባ ኬክ፣ ሥጋ ያለበት ሳምቡሳና ወተት የገባበት ጣፋጭ በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ከቆዩ አደገኛ ይሆናሉ። ማቀዝቀዣ የሌላት እናት በደረቁ ብትጀምር ትርፏም ሰላሟም ይጠበቃል። ሳምቡሳ የምትሠራም ብትሆን ለመግሪብ የሚሸጠውን ከአሱር በኋላ ትጥበሰው፤ ጧት ተጠብሶ ማታ የሚሸጥ አይሁን። ምስርና ድንች ያለበትም ቢሆን በዚሁ ሕግ ይታይ።

ዳቦም ቢሆን የራሱ ሕመም አለው። በሙቅ ወራት በደንብ ሳይበስል የወጣ ወይም ሳይበርድ በላስቲክ የታሸገ ዳቦ በሁለተኛው ቀን መሐሉ ይልጎመጎማል፤ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ሽታም ያወጣል። ይህ በዱቄት ውስጥ ያለና እሳት የማይገድለው ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። መድኃኒቱ በደንብ ማብሰል፣ ፈጽሞ ማብረድና ዕቃን አዘውትሮ ማጠብ ነው።

ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል።

ማታለል ትንሽ የለውም

በአገራችን ከጤፍ ዱቄት ጋር ጀሶና ሰጋቱራ ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ የተያዙ ሰዎች ወሬ በልዩ ልዩ ጊዜ ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ድርጊት በሕግ ወንጀል፣ በሃይማኖትም ከባድ ኃጢአት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ባለቤቱን ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ማስታወቃቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ትናንት የተረፈውን ዳቦ ከዛሬው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ከዚህ ክምር የተለየ አይደለም። የትናንቱን ለብቻው፣ በቅናሽ፣ «የትናንት ነው» ብሎ መሸጥ ግን የተፈቀደና የሚያስመሰግን ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋን በግልጽ መለጠፍንና ገዢን የሚያሳስት ነገር አለመናገርን ያዝዛል። ለአንዲት የቤት ጋጋሪ ይህ ማለት በካርቶን ላይ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ማለት ነው። ዕቃው ታሽጎ በሱቅ የሚቀመጥ ከሆነ በላዩ ላይ የዕቃው ስም፣ የገባበት ነገር ዝርዝር፣ ክብደቱ፣ የተጋገረበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የጋጋሪዋ አድራሻ መጻፍ አለበት። ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሰሊጥ የሚያሳምማቸው ሰዎች ስላሉ እነዚህ ሳይጻፉ መቅረት የለባቸውም። «ሐላል» የሚለውን ቃል የሚጽፍ ሰውም በተለይ ለኬክ የሚገቡ ጄላቲን፣ የአትክልት ያልሆነ ቅባትና በአልኮል የተበጠበጠ ማጣፈጫ አለመኖራቸውን አረጋግጦ ይጻፍ።

ግብርና መዝገብ

ግብር የሚለው ቃል ብዙ እናቶችን ያስደነግጣል። ፈቃድ ከማውጣት የሚሸሹትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እውነታው ግን እንደሚፈራው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተደረገው ማሻሻያ ደረጃዎቹ ሁለት ሆነዋል፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ «ለ» ይመደባል። ግብሩም የሚሰላው በሽያጩ መጠን ነው። ስለዚህ የቤት ጋጋሪ ግዴታ የሚጀምረው ሽያጯን በእውነት ከማወቅ ነው። ወረዳው የሚሠራበትን ስሌት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ደብተር ትልቅ ጋሻ ናት። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ሽያጩ በግምት ይገመትበታል፤ ግምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል። በየማታው አራት ነገሮች ብቻ ይጻፉ፦ የተሸጠው፣ ለዱቄትና ለዘይት የወጣው፣ ለማገዶ ወይም ለመብራት የወጣው፣ ለቤት የተወሰደው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል፤ ልጆቹም ሒሳብ ይማሩበታል። ምሳሌ እናንሣ። ከ100 ብር ሽያጭ 65 ብር ለጥሬ ዕቃ፣ 15 ብር ለማገዶና ለማጓጓዣ ቢወጣ የሚቀረው 20 ብር ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ሦስት ብሩ ለግብርና ለእድሳት በተለየ ዕቃ ካልተቀመጠ ሐምሌ ሲመጣ ዕዳ ይሆናል። ብዙ እናቶች 100 ብሩን ሁሉ ትርፍ አድርገው ሲያዩት በሦስተኛው ወር ዱቄት መግዣ ያጣሉ፤ ሥራው የከሸፈ ይመስላል። የከሸፈው ሒሳቡ ነው።

የመብራት ነገርም አብሮ ይታይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይጠቀማል፤ የመኖሪያ ቤትና የንግድ ታሪፍም የተለያዩ ናቸው። ትልቅ ምድጃ ከመገዛቱ በፊት ቆጣሪው መቻሉን ማጣራት ያስፈልጋል። በእንጨት ለሚጋግሩ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ የዓይንና የሳንባ ሕመምንም ይቀንሳል።

ልጆቹና ሥራው

የየቲሞች እናት ስትጋግር ልጆቿ ውኃ መቅዳታቸው፣ ዕቃ ማቀበላቸው የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ድንበር አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት እንዳይሠሩ ያዛል። ይህ ለተቀጠረ ሠራተኛ የወጣ ሕግ ቢሆንም ለቤት ልጅ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ሊጥ ለማቡካት በሌሊት የምትነሣ የ12 ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ሳፋ ተሸክሞ በመኪና መካከል የሚሮጥ ልጅ አንድ ቀን ሊቀጠፍ ይችላል። ምጣዱ የተገዛው ልጆቹ እንዲማሩ ነው፤ ትምህርታቸውን የሚበላ ከሆነ ዓላማው ጠፍቷል።

የየቲሞች ገንዘብ ጉዳይም አለ። አባት ሲሞት በሕይወት ያለችው እናት የልጆቿ አሳዳሪና ሞግዚት ትሆናለች። ለልጁ በስሙ የሚመጣው ወርሐዊ ድጋፍና የንግዱ መነሻ ገንዘብ ግን በአንድ ቦርሳ መቀመጥ የለባቸውም። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ ከሚበሉ ሰዎች አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ በሌላ በኩል ለእነሱ ጥቅም ሲባል አብሮ መኖርንና ጉዳያቸውን ማሳመርን ይፈቅዳል። የልጁ ድጋፍ በራሱ የባንክ ደብተር ይቀመጥ፤ ንግዱ ደግሞ በራሱ። እናቲቱ ከልጁ ገንዘብ ለዱቄት ልትበደር ብትፈልግ እንኳ በማኅበሩ ፊት ተጽፎ ይሁን።

ለጋሽ ምን ያድርግ?

ብዙ እናቶች መነሻ ገንዘብ ከብድር ተቋም እንዲወስዱ ሲመከሩ ወለድ ስላለበት ይተዋሉ። ይህ ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ዛሬ ግን ሁኔታው ከቀድሞው ተለውጧል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በ2004 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ተፈቅዶ በልዩ ልዩ ባንኮች መስኮቶች ተከፍተዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ቢሆንም ባንክ የሚያስይዝ ነገር ይጠይቃል፤ ለአንድ ምጣድና ለሦስት ኩንታል ዱቄት ባለቤቷን ያጣች እናት የምታስይዘው የላትም። ያን ክፍተት የሚሞላው ቀርዱል ሐሰን፣ ማለትም ያለ ወለድ የሚሰጥ በጎ ብድር፣ አለያም ስጦታ ነው።

ስለዚህ ለአንዲት እናት ሥራ ለማቆም የሚያስብ ለጋሽ የገንዘቡን አከፋፈል እንደሚከተለው ቢያደርግ እንመክራለን። ከሁሉ አስቀድሞ ለሰነድ፦ ለመታወቂያ፣ ለወራሽነት ማረጋገጫ፣ ለኪራይ ውል፣ ለጤና ምርመራና ለፈቃድ። ቀጥሎ ለማዕድ ቤቱ፦ ለወለል፣ ለጢስ መውጫ፣ ለውኃ በርሜልና ለመጸዳጃ። ከዚያ በኋላ ለምድጃና ለዱቄት። በመጨረሻም ለሕመም ቀንና ለዓመቱ እድሳት የሚሆን መጠባበቂያ። ምድጃው የሚያምር ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ የውኃ በርሜልና የወራሽነት ወረቀት አይሰጡም። ሥራውን የሚያቆሙት ግን እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ ስጦታ ይሁን ብድር፣ ዘካ ይሁን ሰደቃ ሲሰጥ ይነገር፤ ይጻፍም። ስጦታ ነው ብላ የተቀበለችውን እናት ከዓመት በኋላ «መልሺ» ማለት ሰውን ያዋርዳል። ዘካ ከሆነም አሰጣጡን ዑለማእን ጠይቆ መፈጸም ይገባል።

የንግድና የግብር መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚታደሱ ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የዚያን ዓመት መስፈርት ይጠይቅ።

በመጀመሪያ ያነሣናቸው እናት ዛሬም ይጋግራሉ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል፤ የረዘመውም የቤቱ ሰነድ በሟች ስም ስለነበረ ነው። በዚያ መካከል ጎረቤቶቻቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እህልና ሳንቲም እያዋጡ ቤቱን አቁመውታል። አሁን ፈቃዱ በመስተዋት ገብቶ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። በቅርቡ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ትኩስ አምባሻ ቆርሰው አቀረቡልንና ወደ ግድግዳው እያመለከቱ «ዱቄት ያልቃል፤ ይህን ግን ማንም አይበላብኝም» አሉን።